ጥይት ለዋጠ ወይራ የሚሆን ፑንታ

እስከዳር ግራ ዓይኗን ያጣችው በፑንታ፣ በመብሻ ማሽን ጫፍ በሚታሠረው መሰርሰሪያ ብረት ነው። አዘዞ ባለው የእንጨት ሥራ ቤት፣ የበርና የመስኮት መጋጠሚያ ቀዳዳ በማሽን የምትበሳው እሷ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ወርቅማ ቀለም የተቀባ ርካሽ ፑንታ እየዞረ ሳለ ተሰበረና ስባሪው መነጽሯን በስቶ ገባ። ሐኪሙ ሲያሰናብታት «የቀረችሽን ጠብቂያት፤ መለዋወጫ የላትም» አላት።

ከዚያ ወዲህ ፑንታ ስትገዛ በቀለም አትታለልም። በመስታወት ላይ አንከባላ መጉበጥ አለመጉበጡን ታያለች። ቂጡን በሞረድ ጫር ታደርጋለች፤ እንደ ሳሙና ከተበላ ለባለ ሱቁ ትመልስለታለች። አርባ ሚሊ ለሚወፍር የበር ቋሚ አሥራ ሁለት ሚሊውን ትይዛለች። ረጅሙ ይንቀጠቀጣልና አጭሩን ትመርጣለች።

ያን ጠዋት የመጣው ወይራ ከኮሶዬ ነው። ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል ገበሬ ለልጁ ቤት በር ሊያሠራ ከገዛ ግቢው የቆረጠው ነው። እንጨቱን በመዳፉ እየመታ ይኩራራል።

«በዚህ ወይራ ሥር ሦስት ልጅ ድሬያለሁ! የሠርግ ኢላማ የሚተኮሰው በሱ ላይ ነው።»

እስከዳር ፑንታ ከምትመርጥበት ቆርቆሮ ቀና አለች። «ጥይቱስ አያ ኃይለ ጊዮርጊስ?»

«በጩቤ ፈልቅቀን አውጥተነዋል።»

«ሁሉንም?»

«ምነው፣ ቆጣሪ አቁመን ነው እንዴ የምንተኩሰው!»

ጫፉ ላይ ጠንካራ ብረት የተበየደለትን ፑንታ ወደ ጎን አደረገችው። እሱ ወይራን እንደ ጎመን ይከትፋል፤ ጥይት ሲነካ ግን እንደ ብርጭቆ ይበተናል። ያነሳችው ተራውን ግራጫ ነው። ቶሎ ይደንዛል፤ ቢበዛ ግን ይጎብጣል እንጂ አይፈነዳም።

የሥራ ቤቱ ጌታ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም አወቀ፣ ግራጫውን አይቶ ተቆጣ።

«በዚህ ዶማ ስንት ቀን ልትፈጂ ነው? ያንን አስገቢ!»

«አያ አወቀ፣ ውስጡ ጥይት አለ።»

«ዓይንሽ አንድ ሲቀር ጭራሽ የእንጨት ሆድ ታዪ ጀመር?»

ኃይለ ጊዮርጊስ ሳቀ።

«በአንዷም ካንተ የተሻለ አያለሁ» አለችው።

አወቀ በጥፊ አጮላት። አንገትጌዋን ይዞ ወደ ማሽኑ ገፋት። የእንጨት መዶሻ አነሳችና ትከሻው ላይ አሳረፈችበት። ሁለተኛውን ልትደግመው ስትል ወገቧን ይዞ ሰጋቱራው ክምር ላይ ወረወራት፤ በእርግጫም ጎኗን መታት። ገበሬው «ኧረ በገብርኤል!» እያለ በመሐል ገባ።

«እንግዲያው እኔው እበሳዋለሁ» አለ አወቀ። ጠንካራውን ፑንታ አስገብቶ አጠበቀ። መነጽር አላደረገም። ኃይለ ጊዮርጊስ የእንጨቱን ጫፍ ደገፈለት። ማሽኑ ጮኸ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ወለል ብሎ ወጣ።

«አየሽ፣ አንቺ ፈሪ!»

ሁለተኛው ላይ እጀታውን ገፋ ሲያደርግ ፑንታው እንደ ጠመንጃ ጓ ብሎ ተበተነ። አንዱ ስባሪ ጉንጩን በስቶ ሁለት ጥርሱን አራገፈ፤ ሌላው መዳፉ ውስጥ ተቀረቀረ። ደሙ ከሰጋቱራው ጋር ተቦካ። እስከዳር ዘላ ማብሪያውን አጠፋች።

«ንቀይልኝ!» አለ ደም በሞላው አፉ።

«ከነቀልኩት ደምህ ያልቃል። ዝም በል!»

በነጠላዋ መዳፉን ከነስባሪው ጠቅልላ፣ ባጃጅ ላይ አስጭና ሐኪም ቤት አደረሰችው።

ስትመለስ ቀዳዳውን በሽቦ ጎረጎረችው፤ የተጨፈለቀ ጥይት ወጣ። ሦስተኛው ስባሪ ከማሽኑ ጀርባ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። አወቀ ረጅም ነው፤ እሱን ጉንጩን ያገኘው፣ እሷ ቆማበት ቢሆን ዓይኗ ላይ ይደርስ ነበር። ማሽኑን ሸፍና ወደ ቤቷ ሄደች።

በአራተኛው ቀን አወቀ ጉንጩ ተሰፍቶ መጣ። ኃይለ ጊዮርጊስም ሊጠይቀው መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። የበሩ እንጨት ከሁለቱ ቀዳዳ ሳያልፍ እንዳለ ተቀምጧል።

«ምነው አልበሳሽውም?» አለ አወቀ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ከእንግዲህ ፑንታ የሚመርጠው ማነው?»

«አንቺ።»

«የመታኸኝስ? በአያ ኃይለ ጊዮርጊስ ፊት ነው የመታኸኝ፤ ይቅርታህንም እዚሁ ፊቱ ተናገር።»

ገበሬው ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሳቀው ትዝ ሳይለው አልቀረም።

«አጥፍቻለሁ» አለ አወቀ። አፉን ሲከፍት ስፌቱ ተሳበና ደም ጠብ አለ።

እስከዳር ግራጫውን ፑንታ አንስታ የማሽኑ ማሠሪያ ውስጥ አጠበቀች።

«መነጽር አድርግና ከኋላዬ ቁም» አለችው።