ሰፊ አለ

መርፌ አሮጌውን ቤት ለመከራየት የወሰነችው ገና በሩ ሳይከፈት ነው። በሩ ደግሞ ለመከፈት ጊዜ ወስዷል። ባለቤትየዋ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ቁልፉን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያሽከረከሩ «ይከፈታል፣ እንግዳ አይቶ አፍሮ ነው» ሲሉ ባሏ ጆሮዋ ሥር ተጠግቶ፣

«ይሄ በር እኮ አልፈልጋችሁም እያለ ነው» አላት።

«እኔም አንተን መጀመሪያ አልፈልግህም ብዬ ነበር» ብላ በሩን በትከሻዋ ገፋችው። ተከፈተ።

መርፌ የተባለችው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁለተኛ ቀጭን ናት። ሦስተኛ ምክንያት አለ የሚሉም አሉ፤ እነሱ ምላሷን የቀመሱ ናቸው።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ጭኖ ሲዞር ይውልና ሲመሽ ቤቱ ገብቶ ራሱ ይጫናል። ሰባት ዓመት ሙሉ እሱ፣ መርፌና ሁለት ሴት ልጆቻቸው የኖሩት በታላቅ እህቱ ጓሮ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። የስፌት መኪናዋ አልጋው እግር ሥር፣ አልጋው በሩ ላይ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሊወጣ ሲል ሦስቱ መነሳት ነበረባቸው።

የባሏ እህት፣ እትዬ፣ ክፉ ሰው አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ይቀል ነበር። ደግ ናት፤ ችግሩ ደግነቷን ራሷ አለመርሳቷ ነው። «ቤታችሁ ነው እኮ» ትላለች፤ ከዚያ በቤታቸው ውስጥ ከቀትር በፊት መኪና አይረገጥም፣ ራሷን ያማታል። ከቀትር በኋላም አይረገጥም፣ ትተኛለች። መርፌ የምትሰፋው እትዬ ገበያ ስትሄድ ብቻ ነበር፤ እትዬ ደግሞ ገበያ አትወድም።

ሊወጡ መሆኑን ሲነግሯት አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «ክፍሏን ለማንም አልሰጣትም» አለች። «ክረምት እስኪገባ ትጠብቃችኋለች። እዚያ ማን ያውቃችኋል? ያንተ ደመወዝ ብቻውን ያንን ቤት አይችለውም፤ የእሷ ደንበኞች ደግሞ ያሉት እዚህ ነው።»

ነገሩ ውሸት አልነበረም። አዲሱ ሰፈር መርፌን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ክረምት ሳይገባ ሥራ ካላገኘች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ጓሮዋ ክፍል ይመለሳሉ፤ እትዬም በደግነት ትቀበላቸዋለች። መርፌ ይሄን ደግነት ከማየት ጣሪያ የሚያፈስስ ቤት ይሻለኛል ብላ መጣች። ጣሪያው አላሳፈራትም፤ በአራት ቦታ ያፈስሳል።

ቤቱ አራት ክፍል አለው። ወለሉ ያዘነበለ ስለሆነ ከእጇ የወደቀ ክር እየተንከባለለ ጓዳ ይገባል፤ የጠፋ ነገር ሲኖር ሁሉም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጓዳ ነው። ግድግዳው ላይ ከነሱ በፊት የነበሩት ሰዎች የተከሏቸው ሚስማሮች ወንፊት አስመስለውታል። መርፌ በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳ ሰባት ሚስማር ነቀለች፣ ቀዳዳውን ደፈነች፣ ኖራ ቀባች። ባሏ በእረፍት ቀኑ የዋናውንና የጓዳውን በር ጠርዝ ላገ፣ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሁለቱን ቀዳዳ ዘጋ፣ ሦስተኛውን ሲዘጋ አምስተኛ ከፈተ።

ጎረቤታቸው ያለችው ሴት ሬዲዮ ነው የምትባለው። ስሟ የወጣው ስለማትዘጋ ነው። በሦስተኛው ቀን አጥሩ ላይ ተደግፋ፣

«ይሄ ቤት ሰው አይበረክትበትም» አለቻት። «ከእናንተ በፊት የነበሩት ስምንት ወር ነው የቆዩት። ከነሱ በፊት ደግሞ አምስት።»

«እየተሻሻለ ነው እንግዲህ» አለች መርፌ፣ ኖራዋን እያማሰለች።

የስፌት መኪናዋን መንገድ ዳር ባለው መስኮት ሥር አቆመችው፤ ከቀትር በፊትም በኋላም ረገጠችው። የሚሰፋ ባይኖራት የልጆቿን ልብስ ፈትታ መልሳ ሰፋች። አላፊ አግዳሚው ድምፁን ሰማ፣ ዞር ብሎ አየ፣ አለፈ። ሁለት ሳምንት አንድ ቁልፍ የሚያስተክል ሰው እንኳ አልመጣም።

«ሰሌዳ ያስፈልጋል» አለ ባሏ፣ አንድ እሑድ። ከተበላሸ ቁም ሳጥን አንድ ጣውላ ገነጠለና ቀለምና ብሩሽ ይዞ ቁጭ አለ። ሹፌር ነው፤ ጽሑፍ ማለት ለእሱ አውቶቡስ ግንባር ላይ ያለው ነው፣ ከሩቅ የሚነበብ። ፊደሉን የዳቦ ያህል አድርጎ ጻፈው። ሲጨርስ መርፌ መጥታ አየች።

«ልብስ የሚለው የታለ?»

«አልገባም።»

«እንዴት አልገባም? ሰሌዳው የበር ቁመት አለው።»

«ፊደሉ ወፈረብኝ። ምን ያደርጋል ደግሞ? ልብስ ነው ብሎ የማይረዳ ሰው ሱሪ አይለብስም።»

ደክሟት ነበርና ተወችው። ሰሌዳው አጥሩ ላይ ተሰቀለ፦ ሰፊ አለ።

በማግስቱ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን በሩ ተንኳኳ። የመጣው ደረቱ የበሩን ስፋት የሚያክል፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት የቀረበት ዳቦ ጋጋሪ ነው። መርፌ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

«ሰፊ አለ የሚለውን አይቼ ነው።»

«እንኳን ደህና መጡ፣ ይግቡ።»

«አሁን ያለሁበት ጠቦኛል፣ እህቴ። መተንፈስ አቃተኝ።»

መርፌ ሸሚዙን አየች። እውነቱን ነው፤ ሦስተኛው ቁልፍ በጸሎት ነው የቆመው።

«አይዞዎት፣ ሰፋ እናደርገዋለን። ለእርስዎ ብቻ ነው?»

«ኧረ ለቤተሰብ ነው። ከነሚስቴ አራት ነን።»

አራት! መርፌ ልቧ ዘለለ፤ ፊቷን ግን እንደ ነጋዴ አደረገችው። «ለአራታችሁም ይወጣል» አለች።

«ቁልፍ አለው?»

«ያለ ቁልፍ ይሆናል እንዴ? ስንት ይሁንልዎት?»

«ሁለት ይበቃል። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለሚስቴ።»

መርፌ ሚስትየዋን በአንድ ቁልፍ አስባት ደነገጠች። «ሁለት አይበቃም» አለች በለሆሳስ፣ «ለእርስዎ ብቻ ስድስት ያስፈልጋል።»

ሰውየው በር ስድስት ቁልፍ የሚያስፈልገው ምን ዓይነት ሌባ ያለበት ሰፈር ቢሆን ነው ብሎ እያሰበ ክፍሉን በእርምጃ ይለካ ጀመር። መርፌ ሜትሯን ዘርግታ ተከተለችው። እሱ ከግድግዳ ግድግዳ ሲራመድ፣ እሷ «እባክዎ ይቁሙልኝ» እያለች ከኋላው ስትሮጥ፣ ጥግ ላይ ደረሰችበትና ደረቱን አቀፈችው።

ዳቦ ጋጋሪው በሕይወቱ ተከራይቶ ያውቃል፤ በአከራይ ተለክቶ ግን አያውቅም። እጁን ወደ ላይ እንዳነሳ፣ እንደተማረከ ሰው ሆኖ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«ሽንት ቤቱ የጋራ ነው የግል?»

መርፌ ሜትሩን ለቀቀችው።

ነገሩ የፊደላችን ሥራ ነው። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም፤ አንባቢው ያውቃል ብሎ ይተወዋል። ሰፊ ላልቶ ሲነበብ መርፌ ናት፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን የማይጠብ ቤት ነው። በዚያ ሰፈር ደግሞ ልብስ የሚያሰፋ እንጂ ሰፊ ክፍል የሚፈልግ ሰው አልጠፋም ነበር።

ከሳቁ በኋላ ሰውየው ሊወጣ ሲል መርፌ በሩ ላይ ቆመች። «ቤት የለኝም። ሸሚዙን ግን እንዲህ ሆኖ አላሳልፈውም። ያውልቁት። ያ ሱሪም ሲያጎነብሱ ያሳፍርዎታል፤ ሐሙስ ይምጡ፣ አዲስ እሰፋልዎታለሁ።»

ባሏ ማታ ሲሰማ መሰላል ይዞ ሊያወርደው ተነሳ።

«ተወው» አለችው።

«ሰው እያሳሳተ?»

«ሁለት ሳምንት ሳያሳስት ማን መጣ? ዛሬ አንድ ሰው ተሳስቶ ሸሚዝና ሱሪ አዘዘ። ሌላውም ይሳሳት።»

ሌላውም ተሳሳተ። ሽንኩርት ማከማቻ የሚፈልግ መጣ፤ የተቀደደ ኪሱን አስጠግኖ ሄደ። አዲስ ተጋቢዎች መጡ፤ ሚስትየዋ ቀሚስ ለክታ ወጣች። ለማኅበር ስብሰባ አዳራሽ የሚፈልጉ ሦስት ሰዎች መጡ፤ መርፌ የሊቀመንበሩን ኮሌታ አይታ «ይሄን ማን ነው የገደለው?» አለችና ሦስቱንም ኮት አስወለቀቻቸው። ሁሉንም የምትቀበለው በአንድ ቃል ነው፦ «ቤት የለም፣ ግን ይግቡ።»

ሬዲዮ ደግሞ አጥሯ ላይ ሆና የገባውን ትቆጥራለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ከአጥሩ ሲነሳ «ሰው ይገባል ይወጣል» ነበር፤ መንገዱን ሲሻገር «ክፍል እያከፋፈሉ ነው» ሆነ፤ ባለቤትየዋ ዘንድ ሲደርስ ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ያድራል።

ባለቤትየዋ ሐሙስ መጡ። አልተቀመጡም።

«ስንት ናችሁ እዚህ ቤት?»

«አራት፣ እማማ።»

«እኔ አሥራ አንድ ነው የሰማሁት። ውላችን ላይ የመጀመሪያው መስመር ምን ይላል? ለሌላ ማከራየት አይቻልም። በወሩ መጨረሻ ቁልፌን።»

የጓሮዋ ክፍል፣ በሩ ላይ ያለው አልጋ፣ «ቤታችሁ ነው እኮ»፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መርፌ ፊት ድቅን አለ። አፏን ስትከፍት ልብስ መለኪያውን ጥግ ከከለለው መጋረጃ ኋላ አንድ ሰው አነጠሰ።

ባለቤትየዋ መጋረጃውን ገለጡት። ዳቦ ጋጋሪው ባልተሰፋ ሱሪ ውስጥ እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

«ይሄስ? የትኛው ክፍል ነው የተሰጠህ?»

«እናቴ፣ እኔ ክፍል ፈልጌ መጥቼ ሱሪ ነው የሰጡኝ።»

«አትኖርም እዚህ?»

«እንኳን ልኖር መቀመጥም አልቻልኩም። ዙሪያዬን ስፒል ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያኔ ይስቅ ነበር። መርፌ አልሳቀችም፣ አልለመነችም። «ይከተሉኝ» ብላ አራቱንም ክፍል ከፈተች። አንዱ ውስጥ መኪናዋና የተቆረጠ ጨርቅ፣ አንዱ ውስጥ የልጆቹ አልጋ፣ አንዱ ውስጥ የነሱ፤ አራተኛው ውስጥ ከጣሪያው ሥር የተደረደሩ ባልዲዎች። ባለቤትየዋ በየክፍሉ ቆሙ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። የጓዳውን በር ዘጉት፣ ከፈቱት፣ እንደገና ዘጉት።

«ይሄ በር ተዘግቶ አያውቅም ነበር» አሉ።

«ባሌ ላገው።»

ወጥተው ሰሌዳው ሥር ቆሙ። አነበቡት። «እኔም ብሆን ቤት ነው የምለው» አሉ። «ዛሬውኑ አስተካክይው።»

«አስተካክላለሁ። እርስዎም አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ስለእኔ የሚባል ነገር ሲሰሙ መጀመሪያ እኔን ይጠይቁኝ። በሬዲዮ ሰምቶ ሰው አይባረርም።»

ከአጥሩ በኩል የአንዲት ሴት ሳል ተሰማ።

«ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆኜ ሳልመረምር መርፌ የወጋሁት ሰው የለም» አሉ ባለቤትየዋ። «አንቺን ልወጋ ነበር። ቆዪ፣ ቤቱ ውስጥ ሁኚ።»

ያን ዕለት ማታ ባሏ ሌላ ጣውላ ገንጥሎ «ልብስ» ብሎ ጻፈበትና ከላይ ቸነከረው። አሁን ሰሌዳው ልብስ ሰፊ አለ ይላል። በሳምንቱ ሰፊ ልብስ የሚሸጥበት የመሰላቸው ወፋፍራም ሰዎች ይመጡ ጀመር። ይሄኛውን መርፌ ለማንም አልተናገረችም፤ ለክታ ሰፋችላቸው።

ክረምቱ ገባ። አንድ እሑድ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እትዬ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ወንበሮቹ ላይ ሁሉ ጨርቅ ስለነበር የመርፌ ባል ከአንዱ ላይ አንስቶ አስቀመጣት። እትዬ ባልዲዎቹን ቆጠረች፤ ከዚያ የመጣችበትን ተናገረች። አንድ ሰው የጓሮዋን ክፍል ጠይቋታል። ቃሏን ጠብቃ እስካሁን አልሰጠችም።

«ከሰጠሁት በኋላ ግን መመለሻ የለም። ይሄው ክረምትም ገባ፤ አስቡበት ብዬ ነው።»

መርፌ አፏ ውስጥ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

«እትዬ፣ ሰባት ዓመት አስጠግተውናል፤ ውለታዎን አልክድም። ክፍሏን ይስጡት።»

«ጣሪያው እንዲህ እያፈሰሰ?»

«እንደፍነዋለን።»

«ሥራው ቢቀዘቅዝብሽስ?»

«ከጠዋት እስከ ማታ እረግጠዋለሁ፣ ይሞቃል።»

እትዬ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተስ አፍ የለህም?»

«እትዬ፣ አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲሄድ ከኋላ ቆሞ ና ና የሚል ሰው ይፈልጋል» አላት። «ይቺ ደግሞ ቁም እያለች ነው።»

እትዬ የሁለቱንም ፊት አየች፤ የሚያመነታ አጣች። ጃንጥላዋን አነሳች።

«እንግዲያው በሚቀጥለው ሳምንት እሰጠዋለሁ።»

«ዛሬ ይስጡት» አለች መርፌ።