ጋሽ ስንተኛ ሊወጣ ነው

ስሙን የሚያውቅ ሰው በሕንፃው ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እኔም ብሆን ከአሥራ አንድ ዓመት ጉርብትና በኋላ የማውቀው «ጋሽ ስንተኛ» መባሉን ብቻ ነው። የአሳንሰር ሠራተኛ ነው። ሰው በገባ ቁጥር ቀና ሳይል «ስንተኛ?» ይላል፤ ሰላምታውም ጨዋታውም ይህቺው ናት። የአሳንሰሩ በር በእጅ የሚሳብ የብረት ፍርግርግ ነው፤ እጀታውን ይዞ የሚያስኬደው ሰው ከሌለ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ጋሽ ስንተኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስኪመሽ ድረስ እዚያች ሳጥን ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ ከምድር አሥረኛ፣ ከአሥረኛ ምድር ሲል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ምሳውን እዚያው ይበላል። ቤቱ እንኳ ከሕንፃው ጀርባ ነው፤ ቢበዛ ሁለት መቶ እርምጃ።

እኔ ከአሳንሰሩ ፊት ለፊት፣ ከሕንፃው የመስታወት መግቢያ በር ጎን ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት በሦስት የሆነች፣ መስኮት የሌላት ክፍል ናት። ጋሽ ስንተኛ የአሳንሰሩን በር ሲከፍት አየዋለሁ፣ ሲዘጋ አጣዋለሁ። ስለ መታፈን ሳወራ ታዲያ ከሰው ሰምቼ አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ነው ነገሩ የጀመረው። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው ቀያሽ፣ ጋሽ ስንተኛ ዱካው ላይ ሆኖ የሰው ሬዲዮ እንደሚጠግን ያውቃል። አንዲት ትንሽ ካርቶን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠለት።

«ጋሼ፣ ይቺን ገጣጥማት። ጂፒኤስ ናት። ይዘሃት ስትሄድ የረገጥክበትን ቦታ በየአምስት ሰኮንዱ ካርዷ ላይ ትጽፋለች። ገጣጥመህ፣ አንድ ቀን ሙሉ በእግርህ ተጉዘህ፣ መስመሩን እስከ ዓርብ ካመጣህልኝ እቀጥርሃለሁ። መንገድ የሚለካልኝ እግረኛ ጠፍቶብኛል፤ ቅዳሜ ጠዋት እንነሳለን።»

«ሥራው ውጭ ነው?»

«ሌላ የት ሊሆን ነው? ሜዳ ነው፣ ገደል ነው።»

«ጣራ የለውም?»

«ምን ጣራ አለው!»

ጋሽ ስንተኛ ሰባተኛን አልፎ ስምንተኛ ላይ አቆመ። ቀያሹ ራሱ ነው እየሳቀ የነገረኝ። እኔን ግን አላሳቀኝም።

ካርቶኗ ውስጥ አረንጓዴ ቦርድ፣ ብስኩት የምታክል አንቴና፣ የካርድ ማስገቢያ፣ የባትሪ ቤት፣ እንደ ምስር የተበተኑ ጥቃቅን ዕቃዎችና በሥዕል ብቻ የሚያስረዳ አንድ ወረቀት ነበር። መበየጃውን ከእኔ ሶኬት በማራዘሚያ ገመድ ሰክቶ፣ አሳንሰሩ ምድር ላይ ሲቆም ከጥቃቅኖቹ ዕቃዎች የአንዷን እግር ቦርዱ ላይ ይበይዳል፤ ደወል ሲጮህ ነቅሎ ይሄዳል። ሲመለስ መበየጃው ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል። አንድ እግር ለመበየድ ሦስት ጊዜ አሥረኛ የደረሰበት ሰዓት ነበር። ማክሰኞ ዕለት ገመዱን መንቀል ረስቶ እጀታውን ጫነው። ዐይኔ እያየ ገመዱ ተወጠረ፤ ፎቶ ኮፒዬ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ሊከተለው ምንም አልቀረውም፤ ደግነቱ ገመዱ ቀድሞ ተበጠሰ።

«ሕንፃውን ልታቃጥልብን ነው እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት ሲወርድ።

«እስክወጣ ታገሺኝ» አለኝ። «አንዴ ከወጣሁ አታዪኝም።»

እንዲህ ሲል አንጀቴን በላው። ሌላ ገመድ ሰጠሁት።

ረቡዕ ጠዋት መሣሪያዋ ነፍስ ዘራች። ባትሪ ሲያስገባባት ቀይ መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሳተላይት ስታገኝ አረንጓዴ ትሆናለች ተብሏል። እሷ እቴ! ቀያሹ ሲያልፍ አሳየው፤ ያም እየቸኮለ «ጋሼ፣ እዚህ ሰማይ አታይም፤ ይዘሃት ውጣ» ብሎት ሄደ።

ጋሽ ስንተኛም ይዟት ወጣ። አሥረኛ ድረስ። እዚያ በሩን ከፍቶ ጠበቀ፤ ቀይ ናት። ወረደ፣ እንደገና ይዟት ወጣ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ «ውጣ» ሲባል የሚያውቀው ወደ ላይ ብቻ ነውና ቀኑን ሙሉ ወጥቶ ወጥቶ አመሸ። ማታ ቀያሹ ነገሩ ሲገባው በሳቅ ፈረሰ።

«ጋሼ፣ ውጣ ያልኩህ ወደ ውጭ!»

አሳንሰር የሚጠብቁት ሰዎችም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ይቅር ይበለኝ። ጋሽ ስንተኛ አልሳቀም።

ወዲያው የሕንፃውን አስተዳዳሪ የአንድ ቀን ፈቃድ ጠየቀ። አንድ ቀን ብቻ። የሰውየውን መልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ «አንተ ከወጣህ ሰው በምን ይወጣል?»

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ስንተኛ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቴ አንገቱን አስግጎ ሹክ አለኝ። «ለባለቤቴ ሰጥቻታለሁ። ይዛት ትሄዳለች፤ እኔ ሄድኩ እላለሁ።»

«ውሸት አይሆንም?»

«የሠራኋት እኔ ነኝ። እግሩ የማንም ይሁን።»

ባለቤቱን የሰፈሩ ሰው «ተኳሿ» ይላታል። ጠመንጃ እንዳይመስላችሁ፤ የምትተኩሰው ልብስ ነው። የሰው ልብስ አጥባ፣ ተኩሳ፣ በየደንበኛው ቤት በእግሯ ታደርሳለች። እኔ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ባያት ነው።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ካርዷን ኮምፒውተሬ ውስጥ ከተትኩ። ቀያሹ ከጀርባዬ ቆሟል። ጋሽ ስንተኛ አሳንሰሩን ከፍቶ ትቶ፣ ሕይወቱን ሁሉ ለአንዲት ወረቀት አስይዞ፣ ደጃፌ ላይ እጁን ያፍተለትላል። መስመሩን ከነካርታው አተምኩት። ከሕንፃው ጀርባ ይነሣል፣ በየመንደሩ ይገባል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ኮረብታውን ይወጣል፣ በሌላ በኩል ዞሮ ይመለሳል። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር። አንድም ቦታ አልተቆረጠም።

«ጋሼ! አንተ ሰው ጉድ ነህ!» አለ ቀያሹ። ከዚያ ጣቱን አንድ ነጥብ ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ ብቻ አርባ ደቂቃ ቆመሃል። ምን ስትሠራ ነበር?»

«ምሳ ሲበላ ነዋ!» አልኩ እኔ፣ ማን ጠይቆኝ እንደሆን እንጃ።

ጋሽ ስንተኛ ወረቀቱን ወስዶ አየ። ነጥቡ የሕንፃችን በር ፊት ለፊት ነው፣ ከመንገዱ ማዶ።

«አላውቅም» አለ።

«እንዴት አታውቅም? አንተ አይደለህ የሄድከው?»

ወረቀቱን እንደያዘ ወደ መግቢያው የመስታወት በር ሄደ፤ እኛም ተከተልነው። ማዶ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር ላይ፣ ተኳሿ ልብሱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ዳቦ ትበላለች። በእጁ ጠራት። ደንግጣ ተሻገረች።

«እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምሳዬን እበላለኋ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። ምድር ስትደርስ በሩን ትከፍት የለ? ያኔ በመስታወቱ ትታየኛለህ። ስድስት ሰባቴ ትወርዳለህ፤ ሰው የበዛ ቀን ስምንቴ።»

«ታዲያ ለምን አትጠሪኝም?»

«ብጠራህ ትወጣለህ?»

የአሳንሰሩ ደወል ከላይ ይጮሃል። ጋሽ ስንተኛ መሬት መሬት ያያል። ከአሳንሰሩ በር እስከ ወንበሩ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም፤ አንድ ቀን ቀና ብሎ ቢያይ ኖሮ ያያት ነበር። እሱ ግን የሚያየው እጀታውን ነው።

ቀያሹ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እትዬ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን በእግርሽ ነው የሄድሽው?»

«ትናንትማ ዝናብ ስለያዘኝ አሳጠርኩት» አለች።

ቀያሹ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየ። «ጋሼ፣ ሌላ አራት ካርቶን አለኝ፤ ከአንተ በላይ የሚገጣጥምልኝ የለም። የሚሄደው ሰው ግን...»

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ፤ ምን ብዬ? ሰውየው እግር ነበር የፈለገው፣ እግሩም ፊቱ ቆሟል።

«እሷ ናት» አለ ጋሽ ስንተኛ።

«አንተስ?» አለችው።

«እኔማ እዚሁ ነኝ። የት እሄዳለሁ?» ብሎ ወደ ደወሉ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ተኳሿ በአዲስ ሸራ ጫማ መጣች፤ መሣሪያዋ በአንገቷ ተንጠልጥላለች። አሳንሰሩ ውስጥ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። ጋሽ ስንተኛ ፍርግርጉን ሳበና ልማድ ሆኖበት «ስንተኛ?» አላት።

«ሰባተኛ» አለችው፣ ከንፈሯን ነክሳ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ከቡድኑ ጋር ይዟት ወረደ። ደጅ እንደደረሱ ቀይዋ መብራት አረንጓዴ ሆነች። ተኳሿ ዞር ብላ መሣሪያዋን ወደ እሱ ከፍ አድርጋ አሳየችውና ወጣች።

የዚያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ሰው በዝቶ ነበር። ጋሽ ስንተኛ ስምንት ጊዜ ወረደ። ስምንቴም በሩን ከፍቶ፣ ሰዎቹ እየገቡ ሳለ፣ ማዶ ያለውን ባዶ ወንበር አየ።