ከጠረጴዛው ሥር የለጠፍኩት ማግኔት

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴማ ያልሠራሁትን ጭምር ጨማምሬ ተናዝዣለሁ፤ ይህችን ብቻ ዘለልኳት። ዛሬ የማወጣትም ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ከጁምዓ በኋላ ሰው ስለሚመጣብኝ ነው።

ዘሃራ ትባላለች፤ የካራቆሬ ልጅ ናት። እኔ የሸዋ ሮቢት ነኝ። በወጣትነታችን በአንዲት ትንሽ ኮሌጅ ፊዚክስ የምንማር የይፋት ልጆች እኛ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከቤት የመጣላትን ማንጎ ታካፍለኝ ነበር። እኔስ ምን አካፈልኳት? ማግኔት።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ከተበላሸ ሬዲዮ የፈታሁትን ማግኔት በቤተ ሙከራው ውስጥ ከእሷ ጠረጴዛ ሥር በማስቲካ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የዕለቱ ሥራ የብረት ኳስ በክር አንጠልጥሎ ማወዛወዝ፣ ከውዝዋዜውም የመሬትን ስበት ማስላት ነበር። የእሷ ኳስ ማግኔቱ እየሳበው ጥድፊያ ያዘው፤ ስበቱም መጽሐፉ ከሚለው እጅግ በልጦ ወጣ። ክሩን ፈትታ አሰረች፣ እንደገና ለካች፣ እንደገና አሰላች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ሳቄን በእጄ አፈንኩ። ልነግራት ነበር እኮ! መቼ? አሁን፣ ትንሽ ቆይቼ፣ ከደወሉ በኋላ...

መምህሩ ቀደሙኝ። "የሁሉም ልክ መጥቶ ያንቺ ብቻ? ጥፋቱ ከእጅሽ ነው!" አሏት።

"ያየሁትን ነው የጻፍኩት" አለች።

የእኛ ልክ የመጣው ከመጽሐፉ ስለገለበጥን ነበር። እኔ ተመሰገንኩ፤ እሷ ዜሮ ተሰጣት። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ካራቆሬ ገባች፤ አልተመለሰችም።

ቀልድ ነበር እላለሁ። ቀልድ ነበር? ታዲያ ከዚያ ሁሉ ጠረጴዛ የእሷን ለምን መረጥኩ? በፈተና ሁሉ ስለምትበልጠኝ ነው። ቀናሁባት። ከዚያም ተመርቄ ጥርሴ እስኪረግፍ ፊዚክስ አስተማርኩ። ስለ መለኪያ ስህተት እንደኔ አድርጎ የሚያስረዳ አልነበረም፤ ስህተቱ ራሱ ሰሌዳው ፊት ቆሞ!

ማክሰኞ ዕለት ዘሃራ የልጅ ልጇን መዲናን ይዛ ቤቴ መጣች። ልጅቷ ኮሌጅ ናት፤ የትምህርት ክፍል መምረጫ ጊዜዋ ሰኞ ያበቃል።

"አንተ ቀልደኛ፣ እስቲ ምከርልኝ" አለች ዘሃራ። "ፊዚክስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። የኛ ዘር እጁ ለመለካት አይሆንም። ወላሂ፣ አይቼዋለሁ!"

"የኔን እጅ መቼ አየሽው፣ እማ?" አለች ልጅቷ።

"የራሴን አይቻለኋ።" ዘሃራ መዳፏን ገልብጣ አየችው፤ እንደ ተበላሸ ዕቃ።

ያን ጊዜ መናገር አልነበረብኝም? "እስቲ ላስብበት" አልኩ። ፈሪ ሽማግሌ! የእነሱን ውሳኔ በኔ ምላስ ላይ ጥለው፣ ዓርብ እንመለሳለን ብለው ሄዱ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ሶላቱ አልቋል። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ። ብትሰድበኝ እችለዋለሁ፤ ዝም ብላ እጇን ብታይብኝስ? ከጣሪያው ላይ የብረት ኳስ በክር አንጠልጥያለሁ፤ ዘሃራ በገዛ እጇ እንድትለካ። ማግኔቱም አለ፤ ይህን ሁሉ ዘመን መጣል አልቻልኩም። ዛሬ ጠረጴዛው ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አስቀምጬዋለሁ።

ባጃጅ ደጄ ላይ ቆመ። ልጅ ነበርኩ ብዬ አላመካኝም።