የተገኘ ሃያ ሴንቲሜትር

የእህቴ የባንቺአየሁ ባል ተገኘ ሥራው ውሃ መለካት ነው። እዚህ እስራኤል፣ በበጋ ከሰፈራችን ከክፋር ግቢሮል ተነሥቶ እስከ ነስ ጺዮና ባሉት የብርቱካን እርሻዎች እየዞረ የመስኖ ቆጣሪ ያነባል፤ በክረምት ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር በአካባቢው ወንዝ ላይ ካለው ድልድይ ሥር ወርዶ የውሃውን ከፍታ ይመዘግባል። ወንዝ ይሉታል እንጂ ጎንደር ቢሆን ኖሮ ስም የሚያወጣለት አይገኝም ነበር፤ ግማሹን ዓመት ደረቅ ነው። ይህን ስነግረው ተገኘ ይቆጣል። «ሲሞላ አላየኸውማ!» ይለኛል።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አለቃው ሐጋይ አሮጌውን የመለኪያ ዘንግ ነቅሎ አዲስ ተከለ። ዘንግ ስል በሴንቲሜትር የተከፋፈለ ረጅም ሰሌዳ ማለቴ ነው፤ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር ማንበብ ነው። የዚያን ዕለት የሐጋይ አለቃ ታማርም ሥራውን ልታይ መጥታ ነበር። ተገኘ አዲሱን ዘንግ ገና ሲያየው ልቡ ጠረጠረ። በድልድዩ ምሰሶ ላይ ያለው የብረት ብሎን በአሮጌው ዘንግ ልክ አንድ ሜትር ላይ ነበር፤ በአዲሱ ግን አንድ ሜትር ከሃያ ላይ ዋለ። ዘንጉ ሃያ ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ተተክሏል ማለት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ያኔውኑ ይናገር ነበር። የኛ ሰው ግን አለቃውን፣ ያውም በአለቃው አለቃ ፊት፣ ተሳሳትክ ይላል? አይልም። «ብቻችንን ስንሆን እነግረዋለሁ» አለ። ብቻቸውን ሲሆኑ ደግሞ ቀን አልፏል፤ «እስካሁን ለምን ዝም አልክ?» ቢለውስ? ስለዚህ ካነበበው ላይ ሃያ እየቀነሰ ትክክለኛውን ቁጥር ይጽፍ ጀመር። ክረምቱን ሙሉ፣ በዝናብ በጭቃው፣ ቀነሰ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የተገኘ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አውቶማቲክ መለኪያ መጣና በአዲሱ ዘንግ ልክ ተስተካክሎ ተገጠመ። ታማር የእሱንና የተገኘን ቁጥር ጎን ለጎን አየች፤ የተገኘ ሁልጊዜ በሃያ ያንሳል። «ሰውየው ዓይኑ ደክሟል» አለችው ሐጋይን። «ከሚመጣው ክረምት ጀምሮ ሌላ ሰው ይግባ። ነገ በስብሰባው እንጨርሰዋለን።»

እህቴ ይህን ሁሉ ከተገኘ አፍ ስትሰማ እሳት ጎርሳ እሳት ለበሰች።

«ዓይንህ ደኅና ሆኖ ሳለ ዕውር ተብለህ ልትቀመጥ ነው? ተናገር እንጂ!»

«ሐጋይ ይዋረዳል።»

«አንተስ?»

እኔም ተናደድኩበት። ሰው እንዴት የገዛ ስሙን ለሌላ ሰው ስህተት መሸፈኛ ያደርጋል? የባንቺአየሁ ምላስ ግን ሥራውን ሠራ። በማግስቱ ጠዋት፣ ከስብሰባው በፊት፣ ተገኘ ሐጋይን ለብቻው ድልድዩ ሥር ወሰደው። ኋላ እንደነገረን ብሎኑን በጣቱ አሳየውና ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረ።

ሐጋይ ሜትር ዘርግቶ ለካ፤ ደግሞም ለካ።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«ከተከልከው ቀን ጀምሮ።»

«አምስት ወር? አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተን?»

«እንዳታፍር ብዬ ነው።»

የሐጋይ ፊት ቀላ። «ትናንት ታማር ዓይኑ ደክሟል ስትል እኔም አዎ ብያለሁ» አለ። «ያፈርኩትስ አሁን ነው።»

በስብሰባው ላይ ሐጋይ በሰባት ሰው ፊት ተነሣ። «ዘንጉን ዝቅ አድርጌ የተከልኩት እኔ ነኝ። የተገኘ ቁጥር ትክክል ነው» አለ። ተገኘ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ጩኸቱን ጠበቀ።

ታማር ኮምፒውተሯን እንኳ አልዘጋችም። «ቤሰደር» አለች፤ በዕብራይስጥ «እሺ» ማለት ነው። «ዘንጉን አስተካክሉት፤ ከአውቶማቲኩ ላይም ሃያ ቀንሱ። ያላ፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ።»

ተገኘ ቤት ሲገባ ሥራው ተመልሶለት ሳለ ፊቱ ጠቁሯል።

«አባረሩህ?» አለችው ባንቺአየሁ።

«የለም። ቤሰደር አለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለ። ቤሰደር፣ አለቀ።» ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን መፍታት ጀመረና እጁ ቆመ። «አምስት ወር፣ ባንቺ። አምስት ወር እንቅልፍ አጥቼ…» ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ልቀልድበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት።