በእናቴ ከተማ ሆቴል ያዝኩ

ከሐዋሳ፣ ከታቦር ሰፈር የወጣሁ ሌሊት እናቴ አላለቀሰችም። ከሦስት ወንድሞቼ ጋር ከምተኛበት የመሬት ፍራሽ ቀስቅሳ፣ ራሴ ላይ እጇን ጭና ጸለየችና፣ «ቦታህን ማንም አይተኛበትም» አለችኝ። ይህችን ቃል ይዤ ነው በሞያሌ የተሻገርኩት። በጭነት መኪና ተጠቅጥቀን ስንጓዝ፣ ኋላም ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ውስጥ ከሱቄ ጀርባ በዱቄት ጆንያ መሀል ስተኛ፣ ያንን ፍራሽና የሐዋሳን ሐይቅ አስብ ነበር። እዚያ ባሕር ሞልቷል፤ ምን ያደርጋል፣ ዓሣውን «ፊሽ ኤንድ ቺፕስ» ብለው ከድንች ጋር ይሰጡሃል፣ ዳጣ የሚባል የሚያቃጥል ማባያ የለም።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለአንድ ሳምንት ተመለስኩ። እናቴ አሁን የምትኖረው እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ የሚባል ሰፈር፣ እህቴ ቤት ነው፤ አንድ ክፍል፣ ከሦስት ልጆች ጋር። ላጣብባቸው አልፈለግኩም። እናም ውጭ የከረመ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስህተት ሠራሁ፦ «ሐይቁን የሚያይ ክፍል» የሚል ሆቴል ስልኬ ላይ አይቼ ያዝኩ።

ክፍሉን ሳየው ሳቄ መጣ። አልጋው እስከ በሩ ደርሷል፤ ለመግባት መጀመሪያ አልጋው ላይ መውጣት ነው። ሻንጣዬ መታጠቢያ ቤት አደረ። መስኮቱን ብከፍት የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ፣ ያውም በእጅ የሚነካ። እንግዳ ተቀባይዋ ዘንድ ወረድኩ።

«እህቴ፣ ሐይቁ የታለ?»

«ጣሪያው ላይ ሲወጡ ይታያል።»

«ልውጣ እንግዲህ።»

«ተቆልፏል። ቁልፉ ባለቤቱ ጋ ነው።»

«ባለቤቱስ?»

«ደቡብ አፍሪካ ናቸው።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ተመለስኩ።

ቤታቸው እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት ግን እናቴ ራሷ ቡርሳሜ፣ ያንን በቅቤ የራሰ ቆጮ፣ ቋጥራ መጣች።

«እማማ፣ ክፍል ውስጥ እንግዳ ማስገባት ክልክል ነው» አለቻት እንግዳ ተቀባይዋ።

«ማንን ነው እንግዳ የምትዪው? እናቱ ነኝ!»

እየተቆጣች ደረጃውን ወጣችና በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን አየችው። «ለዚህ ብለህ ነው የናቅኸን?»

«ኧረ አልናቅኋችሁም፣ እንዳላጣብባችሁ ብዬ ነው።»

«ሆቴል የሚያድረው ዘመድ የሌለው ነው። ጎረቤት ‹ልጅሽ የታለ?› ሲለኝ ምን ልበል?»

የምትቀመጥበት ወንበር እንኳ አልነበረም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስበላ አየችኝ። የቅቤው ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ ከቤት የወጣሁ ሌሊት ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። እሷም እንባዬን በነጠላዋ ጠርጋልኝ፣ ባዶውን ሳህን ቋጥራ ሄደች።

የቀረኝ ሁለት ሌሊት ነበር። እዚያ አልጋ ላይ እንደተቀመጥኩ የድሮው የመሬት ፍራሽ ክፉኛ ናፈቀኝ። ቁልፉን መለስኩና ከነሻንጣዬ ሆቴሉ በር ላይ ቆሜ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ዛሬ እናንተ ጋ ላድር ነው።»

«እሰይ! ተመስገን ጌታዬ!» ወዲያው ግን ድምጿ ተጣደፈ። «ቆይ እንጂ፣ አልጋውን ላሰናዳልህ። ከጎረቤት አንሶላ ልዋስ። ልጆቹም አክስታቸው ጋ ይደሩ።»

«ተይ እማዬ፣ እንደ ድሮው ከልጆቹ ጋር መሬት እተኛለሁ። ቦታህን ማንም አይተኛበትም ብለሽኝ አልነበር?»

ከኋላዋ ልጆቹ ሲንጫጩ ይሰማኛል።

«እንዴት ይሆናል፣ ልጄ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እንግዳ መሬት ላይ አይተኛም።»