ያልታመመው ግማሽ ማሳ

ባቄላ የሚያብበው ለጥቂት ሳምንት ነው። እኔ ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመረጥኩት በባቄላ አበባ ላይ የሚኖር እርሾ ነበር። አበባው ከረገፈብኝ ሌላ ዓመት መጠበቅ አለብኝ፤ የመሥሪያ ቤቴ የትምህርት ፈቃድ ግን በዚያው ዓመት ያልቃል። ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣ ከሰበታው የኪራይ ቤቴ ወደ ፉሪ ስመላለስ፣ አገሩ ምን ላይ እንዳለ እያየሁ እንዳላየ ሆኜ ነበር። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ተብሏል፤ ያመነ ሰው ግን አላገኘሁም። መንገዱ በተቃውሞ ዛሬ ይዘጋል፣ ነገ ይከፈታል። እኔ የምጨነቀው ለአበባ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አበባው ገና ሲፈነዳ ገብተው ይሰፍሩበታል። ከእነሱ መካከል ተክሉን የማይጎዱ እርሾዎች አሉ። እነዚህ ቀድመው ቦታውን ከያዙ፣ ባቄላውን በቡናማ ነጠብጣብ የሚያደርቀው ሻጋታ ሲመጣ የሚበላውም የሚያርፍበትም ያጣል። ኬሚካል አያስፈልግም። እኔም ከፉሪ ጤነኛ አበባዎች እርሾውን ለይቼ ላቦራቶሪ ውስጥ አባዛሁትና በጀሪካን ይዤ አበባውን ወደ ሰጡኝ ሽማግሌ ገበሬ ተመለስኩ።

ጀሪካኑን ከፍተው አሸተቱት።

«ይሄማ የጠላ ጥንስስ ነው።»

«የአበባ ጥንስስ ነው፣ አባባ።»

በዚህ ተስማማን። ከማሳው ግማሹ እንደሚረጭ፣ ግማሹ ሳይረጭ እንደሚቀር፣ ያልተረጨ ከሌለ የተረጨው ምን እንደጠቀመ እንደማይታወቅ አስረዳኋቸው። «እሺ» አሉ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ሜትር ዘረጋሁ፣ ችካል ተከልኩ፣ በየችካሉ ራስ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩ።

በዚያ ሰሞን ፉሪ ላይ ሜትር ዘርግቶ ችካል የሚተክል ሰው ምን ተብሎ እንደሚታሰብ ከእኔ በቀር የማያውቅ አልነበረም። በማግስቱ ስመጣ ችካሎቼ ሁሉ ተነቅለው፣ በራሴው ሲባጎ በሥርዓት ታስረው አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጎረቤቱ በሙሉ፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ ተሰብስቦ ይጠብቀኛል። መሐል ላይ አስቀመጡኝ።

«ማን ነው የላከሽ?» አለኝ አንድ ወጣት።

«ዩኒቨርሲቲ።»

«ዩኒቨርሲቲው መሬቱን ለምን ፈለገው?»

«መሬቱን አይደለም። አበባውን ነው።»

«ለአበባ ሜትር ምን ያደርጋል?»

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጥያቄ ነበር። ስለ እርሾዎቹ ከሀ እስከ ፐ ነገርኳቸው፤ ቀድመው እንደሚሰፍሩ፣ ቦታውን እንደሚይዙ፣ ኋላ የሚመጣውን መድረሻ እንደሚያሳጡ። እየተናገርኩ ምን እየተናገርኩ እንደሆነ ለራሴ ተሰማኝና ላብ አጠመቀኝ። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት ሰውዬ በዱላቸው ጀሪካኑን ነካ አደረጉት።

«እነዚህ ቀድመው ሰፍረው ሌላውን የሚከለክሉት ከየት የመጡ ናቸው?»

ፕሮፖዛሌን ሳቀርብ የተቀመጡት ሦስት ፕሮፌሰሮች ይህን አልጠየቁኝም።

«ከዚሁ ነው ያገኘኋቸው» አልኩ። «ከእናንተው ባቄላ አበባ።»

በኦሮምኛ ረጅም ነገር ተባባሉ። መሐል ላይ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። የማሳው ባለቤት ተረጎሙልኝ። «ያገር ልጆች ከሆኑ ቤታቸው ይግቡ ተብሏል። መሬቱ ግን አይከፈልም። ችካል የለም፣ ሜትር የለም።»

ያለ ችካል ሙከራ አይሠራም ብዬ የምከራከርበት ወኔ አልነበረኝም። ማሳው መሐል ያለውን የድንጋይ ክምር ወሰን አድርጌ ላይኛውን ረጨሁ፣ ታችኛውን ተውኩ። የቀረውን እርሾና መርጫውን ለሽማግሌው ትቼ ወደ ሰበታ ተመለስኩ። በበነጋው መንገድ ተዘጋ። ከሁለት ሳምንት ለሚበልጥ ጊዜ ከቤቴ መራቅ አልቻልኩም። አንድ ቀን ብቻ ስልክ ሠራልኝ።

«አባባ፣ በየሳምንቱ ይርጩልኝ። ላይኛውን ብቻ።»

«እሺ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አታስቢ።»

አላሰብኩም። ያ ነው ጥፋቴ።

መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። ማሳው አረንጓዴ ነው። ላይኛውም ታችኛውም ፍሬው ተንዠርግጓል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ከድንጋዩ ክምር በታች ተንበርክኬ የታመመ ቅጠል መፈለግ ጀመርኩ። ጥቂት የደረቁ የድሮ ነጠብጣቦች አሉ፤ በሽታው ከዚያ በላይ አልሄደም።

«አባባ፣ ታችኛው ለምን አልታመመም?»

«ረጨሁታ።»

«ሳይረጭ ይቅር ብዬ ነበር እኮ።»

«ብለሻል። ነጠብጣቡ ሲጀምረው አየሁ። እያየሁ ልተወው?»

«እርሾውስ እንዴት ለሁሉም በቃ?»

«አልበቃም። ጥንስስ ነው ብዬ ለባለቤቴ ብሰጣት ብቅል ጨምራ አበዛችው። ለጎረቤቶችም ደረሰ።»

እንግዲህ የተረጨው የእኔ እርሾ ይሁን የባለቤታቸው ጠላ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የማወዳድርበት የጎረቤት ማሳ እንኳ አልተረፈም። እዚያው ቆሜ አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ብቅል?» አሉ። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና መጀመር እንዳለብኝ፣ ሌላ መንገድ እንደሌለ በትሕትና ነገሩኝ። የሚቀጥለው ዓመት ግን የእኔ አልነበረም።

ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሽማግሌው ደንግጠው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ባቄላው እኮ ድኗል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«አልታመመም ብዬ።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ያዘኑልኝ ይመስላሉ።

«ግማሹ እንዲሞት ነበር የፈለግሽው?»

ስለ ሳይንስ የምለው ብዙ ነበር። የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ይህ ማሳ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግማሹ የማን ግማሽ እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር።

«አዎ» አልኩ።

ሽማግሌው ተነሡ። ከታችኛው በኩል ጥቂት እሸት ቀጠፉ፣ ፈልፍለው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ፣ እስክበላም ጠበቁኝ።