ከኮንቴይነር የወጣው ሃርድ ዲስክ

እኛ የአዳማ ሰዎች አንድ በሽታ አለብን። ሞጆ ደረቅ ወደብ ጎረቤታችን ስለሆነ፣ ከእኛ በላይ ዕቃ የሚያውቅ ያለ አይመስለንም። ነገሩ ረከሰ? «ከኮንቴይነር በቀጥታ የወጣ ነዋ!» እንላለን። ተወደደ? «አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ነው» እንላለን። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፣ ኮምፒውተርም እነካካለሁ፤ ስለዚህ በሽታው ይብስብኛል።

የቤታችን ኮምፒውተር አምና መንቀራፈፍ ጀመረ። ሆዱ ውስጥ የፈተና ወረቀት፣ የዘመድ አዝማድ የልደት ፎቶ፣ ጀምሬ የተውኳቸው ትምህርቶች ታጭቀዋል። ከሁሉም በላይ ግን የአባቴ ቪዲዮ አለ። በእህቴ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን ሲመርቅ፣ መሃል ላይ ቀልድ ጣል አድርጎ ራሱ ቀድሞ ሲስቅ ይታያል። ካረፈ በኋላ ድምፁ የቀረልን እዚያ ብቻ ነው። ሠርጉን የቀረጸው ሰው ሱቁን ዘግቶ ከከተማው ሄዷል፤ እናቴ የሰጠችኝ ሲዲም ተጫጭሮ አይሠራም።

ሁሉን የምገለብጥበት ሃርድ ዲስክ ልገዛ ስነሳ ባለቤቴ «ዋስትና ያለውን እንግዛ፤ ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አይበቃም፣ የአባባን ቪዲዮ እህትህም ጋ አስቀምጥ» አለችኝ። ሳቅኩባት። ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ስለ ቴራባይት ረጅም ትምህርት ሰጠኋት። ወደ ሽንኩርቷ ስትመለስ ያመነችኝ መሰለኝ።

መናኸሪያው አካባቢ ያለው ባለሱቅ ገና ሲያየኝ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሮ «አከም ጂርታ ቲቸር! ለአንተማ ሌላ ነው የማወጣው» ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አንዲት የምታብለጨልጭ ዲስክ ሳበ። አሥራ ስድስት ቴራባይት ትይዛለች አለኝ። ዋጋዋ ከጫማ አይበልጥም። «ትናንት ነው ከሞጆ የወጣችው፣ ወላሂ!» መደርደሪያው ላይ የነበረችው ውዷ አንድ ቴራባይት ብቻ ነበር የምትይዘው። እሷን የሚገዛው የትኛው ጅል ይሆን ብዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ገለበጥኩ። ስሞቹ ተሰለፉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የፈተና ወረቀቶች ከፈትኩ፣ ተከፈቱ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ቀለል እንዲለው ብዬ የነበረበትን ሁሉ አጠፋሁ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይሄ ነው። ዲስኳን ከቤቱ ካርታ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። ኮምፒውተሩ ፈጠነ፤ እኔም ለሰሚው ሁሉ ስጎርር ከረምኩ።

የአባቴ ሙት ዓመት ሲደርስ ዘመድ ቤታችን ተሰበሰበ። እናቴ፣ እሱ ካረፈ በኋላ የተወለደችውን ልጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «ቆይ፣ አያትሽ አሁን ይመጣልሻል» ትላታለች። ዲስኳን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁ። «አባባ ሠርግ» የሚል ስም አለ። አይከፈትም። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ገመድ ቀየርኩ። አይከፈትም! ላቤ ጀርባዬ ላይ እየወረደ «የገመድ ችግር ነው» ብዬ ዋሸሁ። ባለቤቴ አንዴ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ አንድ ጠጋኝ ዲስኳን ፈለቀቃት። ውስጧ የጥፍር ታህል ሚሞሪ ካርድና፣ ክብደት እንዲኖራት በማስቲሽ የተለጠፈ ብረት ተገኘ። «ትንሽ ነው የምትይዘው፤ ሲሞላባት የፋይሉን ስም ብቻ እየጻፈች ውስጡን ትጥለዋለች። ኮምፒውተሩ ላይ ግን አለህ አይደል?» አለኝ። የለኝም። ካጠፋሁ በኋላም የስንት ወር ሥራ በቦታው ላይ ጭኜበታለሁ፤ ጠጋኙ የጠፋውን ለመመለስ ሞክሮ ሞክሮ አንድም የአባቴን ምስል አላገኘም። ላም አለኝ በሰማይ!

በንዴት ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ አላፈረም። «ቲቸር፣ አንተ የኮምፒውተር ሰው አይደለህ እንዴ? እያወቅህ የገዛህ መስሎኝ!» አለኝ። ዲስኳን ይዤ ተመለስኩ። ሞጆ ምን በወጣት፤ ዕቃዋን በዓይኗም አላየችው ይሆናል።

ለእናቴ እውነቱን የነገርኳት ከሳምንት በኋላ ነው። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ በጮኸችብኝና በተገላገልኩ! የልጄን ፀጉር ትደባብስ ጀመር።

«እኔስ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዓይኔን ስጨፍን ይሰማኛል» አለችኝ። «እሷ ግን ሲስቅ አልሰማችውም።»